መጋዙ ወደ ግንዱ ሲሄድ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል)

 

ዛሬ በጥያቄ እንጀምር። አንድ ነጭ ባህር ዛፍ ተቆርጦ ወድቋል እንበል። ከግንዱ ሦስት ሜትር ለካችሁ፤ አፉ ከዳር እስከ ዳር 60 ሳንቲ ሜትር ነው። እርጥብ እንደሆነ ሚዛን ላይ ቢወጣ ስንት የሚመዝን ይመስላችኋል?

9 ኩንታል ገደማ! እርጥብ ነጭ ባህር ዛፍ አንድ ሜትር ኩቡ ከ1000 ኪሎ ግራም አልፎ ሊሄድ ይችላል፤ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። 9 ኩንታል ጤፍ ቢሆን በአህያ ተከፋፍሎ ከየትኛውም ሸለቆ ይወጣል። ግንድ ግን ሳይሰነጠቅ አይከፋፈልም። በደሴ ዙሪያ ከጦሳ ሥር፣ ከኩታበር አፋፍ ወይም ከገራዶ በላይ ካለ ተዳፋት ላይ የወደቀን እንዲህ ያለ ግንድ መኪና መንገድ ድረስ ለማድረስ የሚወጣው ጉልበትና ገንዘብ አንዳንዴ ከግንዱ ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ባለቤቱ ምን ያደርጋል? በመጥረቢያ ይፈልጠዋል። ሠላሳና አርባ ዓመት የቆመ፣ ቀጥ ያለ፣ እንከን የሌለው ግንድ ማገዶ ሆኖ ይሸጣል።

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ሌላው መንገድ ነው። ግንዱ ወደ መሰንጠቂያው ከመሄድ ይልቅ መሰንጠቂያው ወደ ግንዱ ቢሄድስ? በፒክአፕ ወይም በአይሱዙ ተጭኖ፣ በሰው እጅ ወርዶ፣ ዛፉ በወደቀበት አጠገብ ስለሚተከል ትንሽ ተንቀሳቃሽ የጣውላ መሰንጠቂያ እንነጋገራለን። ከወዲሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። መሰንጠቁ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ገንዘቡ የሚገኘውም የሚጠፋውም በማድረቁ ላይ ነው። ማሽን ለመግዛት ወይም ለማሠራት የተነሳችሁ የማኅበር ወጣቶች ካላችሁ ወረቀትና እርሳስ ያዙ።

በመጀመሪያ እንጨቱ። ባህር ዛፍ ወደ ሀገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ማለቂያ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ የደረሱበት ጊዜ ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ በጥቂት ዓመት ስለሚደርስ፣ ተቆርጦም ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ ችግሩን አቃለለ። ወደ ወሎም ወጣ። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ የአይጠየፍን አዳራሽ ባሠሩበት ዘመን ለትልቅ ሥራ የሚፈለገው ጽድ፣ ወይራና ዝግባ ነበር። ዛሬ ግን በደሴ ዙሪያ ዓይናችሁን ያዞራችሁበት ተራራ ሁሉ ባህር ዛፍ ነው።

ይህን ሁሉ ባህር ዛፍ የምንጠቀምበት ግን በቀጭንነቱ ነው። አምስት ስድስት ዓመት ሲሆነው ይቆረጥና አጠና፣ ማገር፣ ቋሚ ይሆናል። ፎቅ ሲሠራ ጣሪያውን ደግፎ የሚቆመው እሱ ነው። ለጣውላ ሲባል የሚጠበቅ ባህር ዛፍ ጥቂት ነው። እናም ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለው አናጺ አልጋ ወይም ቁም ሳጥን ሲሠራ ቺፑድና ኤምዲኤፍ ይገዛል፤ ጣውላ ሲፈልግም ከሩቅ የመጣ ነው። ከዚህ በስተ ሰሜን፣ በዚሁ በመቀሌ መንገድ ማይጨው ላይ የተቋቋመው የቺፑድ ፋብሪካ ራሱ ጥሬ ዕቃዬ ብሎ የተነሳው ባህር ዛፍን ነው። የቺፑድ ፋብሪካ ዛፉን ፈጭቶ በሙጫ ይጋግራል። እኛ ደግሞ ሳንፈጨው፣ እንዳለ እንጠቀምበት ነው የምንለው።

“ባህር ዛፍ እኮ ጣውላ አይሆንም፤ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል” የሚል አናጺ አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ያየውን ነው የሚናገረው። ግን ያየው በችኮላ የተሰነጠቀና ፀሐይ ላይ የተጣለ ባህር ዛፍ ነው። የዛፉ አገር አውስትራሊያ ይህንኑ ነጭ ባህር ዛፍ ለድልድይ፣ ለወደብ ምሰሶና ለመርከብ ሥራ ስትገለገልበት ኖራለች። ለምን እንደሚጠምም መድኃኒቱንም ትንሽ ቆይተን እናየዋለን።

ከማሽኑ በፊት ስለ ሕጉ አንድ ሁለት ቃል። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ገና በ1986 የወጣው የደን አዋጅ እነዚህን አራቱን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሏል። በ2010 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 ደግሞ የግልና የማኅበረሰብ ደን ባለቤትነትን በግልጽ አውቋል። በራሳችሁ ይዞታ የተከላችሁትን ባህር ዛፍ ወይም የፈረንጅ ጽድ ለመሰንጠቅ ስትነሱ በቅድሚያ የወረዳችሁን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ ጣውላውን በመኪና ለማንቀሳቀስ ደግሞ የይለፍ ወረቀት ያዙ። ከኮምቦልቻ በላይ ያለውን የየጎፍን ደን የመሰለ የመንግሥት ደን ግን ማሽን ይዞ መቅረብ በወንጀል ያስጠይቃል። ተንቀሳቃሽ መሰንጠቂያ በተሳሳተ እጅ ከገባ ደን ለመዝረፍ የሚመች መሣሪያ ነው። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ማሽኑ በማኅበር ስም ተመዝግቦ፣ የት እንደሚሠራ ቀበሌው እያወቀ ቢንቀሳቀስ ለሠራተኛውም ለደኑም ይበጃል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ማሽኑ። ግንድ የሚሰነጠቅበት የቆየው መንገድ የሁለት ሰው መጋዝ ነው። ግንዱ ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ ወይም በተዳፋት ላይ ይጋደማል፤ አንዱ ሰው ከላይ፣ አንዱ ከታች ሆነው ረጅሙን መጋዝ ይስባሉ። ከታች ያለው ቀኑን ሙሉ ዱቄቱን በዓይኑና በአንገቱ ይቀበላል። በዚህ መንገድ የሚወጣው ጣውላ መልካም ነው፤ መጋዙም ግንዱ ድረስ ይሄዳል። የሚጎድለው ፍጥነት ነው፤ ጠንካራ ባህር ዛፍ ላይማ እጅ ያዝላል።

ሁለተኛው ዛፍ የሚቆረጥበት የሞተር መጋዝ ነው። ከጎኑ መምሪያ ብረት ይታሰርለትና ግንዱን በቁመቱ ይሰነጥቃል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ሁለት ሰው ተሸክሞት የትም ይወጣል። ዛፍ ለመጣል የሚያገለግለው ሰንሰለት ጥርሱ 30 ዲግሪ ገደማ ተሞርዷል፤ በቁመት ለመሰንጠቅ ግን 10 ዲግሪ ገደማ ሆኖ መሞረድ አለበት። ይህን ያላወቀ ሰው ሞተሩን ያቃጥላል፤ ጣውላውም ጎርበጥባጣ ይሆናል።

ሦስተኛው ባንድ ሶው የምንለው፣ ቀጭን መጋዝ በሁለት ጎማ ላይ እንደ ቀበቶ የሚዞርበት ነው። በእንጨት ሥራ ቤቶች ቆሞ የምታውቁት ማሽን እዚህ ላይ ተጋድሟል ማለት ነው። ግንዱ ከሐዲድ መሐል ተኝቶ ይታሰራል፤ ሞተሩና መጋዙ ያሉበት ክፍል በሐዲዱ ላይ እየተገፋ በግንዱ ላይ ያልፋል። አንድ ጣውላ ሲወጣ መጋዙ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በመዘውር በተፈለገው ውፍረት ልክ ዝቅ ይላል፤ እንደገና ይገፋል። አሜሪካ ውስጥ ዉድ ማይዘር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1982 ተቋቁሞ ይህን ዓይነት ማሽን በዓለም ላይ አስፋፍቷል።

አራተኛው የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ሰዎች የወደዱት ነው። ክብ መጋዝ ሲሆን አንዴ ተጋድሞ፣ አንዴ ቀጥ ብሎ ይቆርጣል፤ ሁለቱ ቁርጦች ሲገናኙ አራት ማዕዘን ጣውላ ከግንዱ ተፈልቅቆ ይነሳል። ጥቅሙ ትልቁን ግንድ ማንሳት አለማስፈለጉ ነው። ግንዱ መሬት ላይ እንዳለ ማሽኑ ከላዩ ይተከላል። ለገደላማ መሬት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሉካስ ሚል የሚባለው የአውስትራሊያ ማሽን በዚህ ይታወቃል።

የትኛውን እንምረጥ? የኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ ዙሪያ ባንድ ሶው ነው። ምክንያቱን በሒሳብ ላስረዳ። መጋዝ ባለፈበት ሁሉ እንጨት ዱቄት ይሆናል። የሞተር መጋዝ ሰንሰለት በአንድ ቁርጥ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይበላል። ክብ መጋዝ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ይበላል። ባንድ ሶው የሚበላው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አንድን ግንድ ዘጠኝ ጊዜ ብትቆርጡ በሞተር መጋዝ እስከ 9 ሳንቲ ሜትር እንጨት ዱቄት ይሆናል፤ በባንድ ሶው 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ። ልዩነቱ 6 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ ከየግንዱ ሁለት ጣውላ ማለት ነው። ዱቄቱ ራሱ አይጣልም፤ የሰጋቱራ ምድጃ ያላቸው ቤቶች ይገዙታል። ግን ሰጋቱራ ለመሸጥ ብሎ ጣውላ የሚፈጭ ነጋዴ የለም።

ፍሬሙንና ሐዲዱን ጎበዝ የብረት ብየዳ ባለሙያ ሊሠራው ይችላል። የሚያስቸግረው ሁለቱ ጎማዎች ፍጹም ክብና ሚዛናቸውን የጠበቁ፣ በአንድ መስመር የቆሙ እንዲሆኑ ማድረግ ነው። ጎማው ትንሽ ቢንጋደድ መጋዙ ይወጣል ወይም ይበጠሳል። ያን ሥራ ለቶርኖ ቤት ስጡት። የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በከተማው እያለ፣ ይህን የሚሠራ እጅ አይጠፋም።

ሥራው ሲጀመር የመጀመሪያው ነገር ሐዲዱ ውሃ ልክ መሆኑ ነው። መሬቱ ተዳፋት ስለሆነ ከሥሩ እንጨት እየተሸጎጠ በውሃ ልክ ይስተካከላል። ሐዲዱ ከተጣመመ ጣውላው አንድ ጫፉ ወፍራም፣ አንድ ጫፉ ቀጭን ሆኖ ይወጣል። ቀጥሎ ግንዱን ማጽዳት ነው። በአፈር ላይ የተጎተተ ግንድ ልጡ ውስጥ አሸዋና ጠጠር ይይዛል። ያ አሸዋ ስለቱን ወዲያው ያደነዝዘዋል። ልጡን በመጥረቢያ መላጥ፣ ውሃ ከተገኘም ማጠብ፣ ከሞረድ ወጪ ያድናል። መጋዙ ላይ ከትንሽ ጀሪካን ውሃ እየተንጠባጠበ ቢወርድ አይግልም፤ የፈረንጅ ጽድ ሙጫም አይጣበቅበትም።

ከዚያ ብረት ፍለጋ ነው። ከቤት አጠገብ የቆመ ዛፍ ምስማር፣ የአጥር ሽቦ፣ የልብስ መስጫ ገመድ የታሰረበት ችንካር ውጦ ይሆናል። ዛፉ ሲወፍር ላዩ ይድናል፤ ብረቱ ውስጥ ይቀራል። በእኛ አካባቢ ሌላም አለ። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በነበረበት ጊዜ ውጊያ በተካሄደባቸው ኮረብቶች የቆሙ ዛፎች ጥይት ወይም ፍንጣሪ ይዘው ሊሆን ይችላል። ቀልድ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ውጊያ ከተደረገባቸው የምሥራቅ ፈረንሳይ ጫካዎች የሚመጣ ግንድ ከመቶ ዓመት በኋላም ቁርጥራጭ ብረት ይገኝበታል፤ መሰንጠቂያዎቹ ግንዱን ሳይፈትሹ አያስገቡም። በሆቴልና በባንክ በር ላይ ጥበቃዎች የሚይዙት የእጅ መፈተሻ ለዚህ ይረዳል። መፈተሻ ባይኖር የግንዱን አፍ ተመልከቱ፤ ብረት ያለበት ባህር ዛፍ ብዙ ጊዜ ሰማያዊና ጥቁር የሚመስል እድፍ ያሳያል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ መጣን፤ ባህር ዛፍ ለምን ይጣመማል?

በፍጥነት የሚያድግ ባህር ዛፍ ቆሞ ሳለ በውስጡ ኃይል ያጠራቅማል። ከልጡ ሥር ያለው አዲሱ እንጨት ተወጥሮ ነው የሚያድገው፤ ልቡ ላይ ያለው አሮጌው እንጨት ደግሞ በዚያ ውጥረት ተጨምቆ ይኖራል። ዛፉ ቆሞ ሳለ ሁለቱ ሚዛን ይጠብቃሉ። ዛፉ ሲቆረጥ ሚዛኑ ይፈርሳል። የግንዱ አፍ ላይ ከልቡ ተነስቶ እንደ ኮከብ ወደ ዳር የሚሄድ ስንጥቅ የምታዩት ለዚህ ነው። መጋዙ ከአንድ ጎን ጣውላ ሲያነሳ ደግሞ ያ ጣውላ ከግንዱ ወደ ውጭ ይጎብጣል፤ የቀረው ግንድም ወደ ሌላው ጎን ይጎብጣል። ከአንድ ጎን ብቻ እየቆረጠ የሚወርድ ሰው ሦስተኛው ጣውላ ላይ ሲደርስ ውፍረቱ መሀልና ጫፍ ላይ እየተለያየበት ማሽኑን ይረግማል። ማሽኑ ምንም አላጠፋም።

ስለዚህ ባህር ዛፍ ላይ የሚሠራበት ልማድ ይህ ነው። ከላይ አንድ ወይም ሁለት ጣውላ አንሱ፤ ግንዱን ገልብጡት፤ ከተቃራኒው ጎን ያንኑ ያህል አንሱ። እንደገና ገልብጡ። ውጥረቱ ከሁለቱም ወገን እኩል ሲላቀቅ የቀረው እንጨት ቀጥ ብሎ ይቆያል። መገልበጡ ያደክማል፤ ጊዜም ይወስዳል፤ ግን መዝለል አይቻልም። መሀል ላይ ስትደርሱ ልቡን ከጣውላ ጋር አትቀላቅሉት። ልቡ ያለበትን 8 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር ካሬ ለቋሚ ለዩት። ልብ የያዘ ጣውላ የቱንም ያህል ቢጠነቀቁለት ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው ልማድ ጊዜ ነው። ባህር ዛፍ ተቆርጦ ሳምንታት ፀሐይ ላይ ከተኛ ስንጥቁ ወደ ውስጥ እየገባ ይሄዳል። ማሽኑ ሳይደርስ ዛፍ አትጣሉ። ተጥሎ ከሆነም የሁለቱን ጫፍ አፍ ወዲያው ዘይት ቀለም ወይም የቀለጠ ሰም ቀቡት። ግንዱንም በረጅሙ ተዉት፤ ስንጥቅ ከጫፍ ስለሚጀምር አንድ ባለ 6 ሜትር ግንድ ከሁለት ባለ 3 ሜትር ግንዶች ያነሰ ብክነት አለው። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ረጅም ግንድ ጭኖ መውረድ የሚያስፈራ ነገር ነው፤ ግን ማሽኑ ግንዱ ዘንድ ከመጣ ያ ሥጋት የለም።

ውፍረቱንስ? የደረቀና የተላገ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ጣውላ ከፈለጋችሁ እርጥቡን በ3 ሳንቲ ሜትር ቁረጡት። ባህር ዛፍ ሲደርቅ በጣም ይኮማተራል፤ በስፋቱ የሚኮማተረውም በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም፤ በዓመት ቀለበቱ ዙሪያ ያለው መኮማተር ከልብ ወደ ልጥ ካለው እጥፍ ሊጠጋ ይችላል።

ከግንዱ ምን ያህል ጣውላ ይገኛል? መጀመሪያ ላይ ያነሳነው ግንድ ይዘቱ 0.85 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ከትንሽ ማሽን ግማሹ ጣውላ ሆኖ ከወጣ ጥሩ ሥራ ነው። 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት፣ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 3 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ጣውላ 0.015 ሜትር ኩብ ነው። እንግዲህ 28 ጣውላ ያህል ማለት ነው። ይህን ግንድ እንደ ማገዶ ብትሸጡት የምታገኙትንና የ28 ጣውላ ዋጋን ራሳችሁ ሰኞ ገበያ ጠይቃችሁ አወዳድሩ፤ ዋጋ ዛሬ የተነገረው ነገ ስለማይሆን እኔ አልናገርም።

ስለ ጥንቃቄም ሳልናገር አላልፍም። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ሲበረታ ሽርጥ ለብሶ ሥራ መሥራት ልማድ ነው። ማሽኑ አጠገብ ግን ሽርጥ፣ ጋቢ፣ ፎጣ፣ የተንጠለጠለ ነጠላ አይገባም። ጎማው ጨርቅ ከያዘ ሰውየውን አብሮ ነው የሚስበው። መጋዙ ሲበጠስ ሊወረወር ይችላል፤ በመጋዙ መስመር ትይዩ ማንም አይቁም፤ ተመልካች ሕፃናትማ ከቶ መጠጋት የለባቸውም። ግንድ ስታንከባልሉ ከታች በኩል አትቁሙ። ሞተሩ ሳይጠፋ ሰጋቱራ በእጅ አይጠረግም። መነጽርና የጆሮ መድፈኛ ዋጋቸው ከአንድ ጣውላ አይበልጥም።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ ጣውላው ወጥቷል። እርጥብ ነው፤ ይከብዳል፤ ያምራል። ብዙ ሰው በዚህ ቀን ሥራው አልቋል ብሎ ይሸጠዋል፤ ገዢውም ወስዶ በር ይሠራበታል፤ በሩም በሦስተኛው ወር ከመቃኑ አልገጥም ይላል። “ባህር ዛፍ ጣውላ አይሆንም” የሚለው ወሬ የሚወለደው እዚህ ነው።

ማድረቅ ማለት ፀሐይ ላይ ማስጣት አይደለም። ፀሐይ የጣውላውን ላይኛ ፊት በአንድ ቀን ታደርቀዋለች፤ ውስጡ እርጥብ ነው። ላይኛው ሲኮማተር ውስጡ አልኮማተር ሲለው ላይኛው ይሰነጠቃል። ባህር ዛፍ ሌላም ጠባይ አለው፤ በችኮላ ሲደርቅ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን የውሃ መተላለፊያዎች ይሰረጉዳሉ፤ ጣውላው እንደታጠበ ልብስ ይሸበሸባል። ለዚህ መድኃኒቱ መዘግየት ነው፤ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀዝቃዛ ጥላ ይፈልጋሉ።

እዚህ ላይ የእኛ አገር አቀማመጥ ትልቅ ዕድል ሰጥቶናል ባይ ነኝ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣ ብርድና ጉም አላት። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳ፣ 1850 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ሞቃትና ነፋሻማ ናት። ነጭ ባህር ዛፍ የሚበዛውም በደጋው፣ ቀይ ባህር ዛፍ የሚወደውም ቆላ ቀመሱን ነው። እንግዲህ ከደጋው የተሰነጠቀው ነጭ ባህር ዛፍ የመጀመሪያውን ሁለትና ሦስት ወር እዚያው ደጋ ላይ፣ ከጣሪያ በታች፣ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ሲቀልል ወደ ኮምቦልቻ ይውረድና ማለቂያውን እዚያ ያግኝ። ቀሎ ስለሚወርድ ጭነቱም ርካሽ ነው። ክረምቱ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ስለሚበረታ ደግሞ ከመስከረም ማለቂያ እስከ ኅዳር ብትሰነጥቁ በጋውን ሙሉ ታገኛላችሁ። የበልግ ዝናብ በመሐል መምጣቱ አይቀርም፤ ጣሪያ ካለ ግን አይጎዳም።

አደራደሩ እንዲህ ነው። መሬቱን አስተካክላችሁ ብሎኬት ወይም ወፍራም ግንድ ከሥር አስቀምጡ፤ የመጀመሪያው ጣውላ ከአፈር ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። በአንዱና በሌላው ረድፍ መሐል 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ካሬ የሆኑ ደረቅ ቁራጭ እንጨቶችን በየ40 ወይም 50 ሳንቲ ሜትሩ አስገቡ። እነዚህ ቁራጮች ከታች እስከ ላይ አንዱ በሌላው ትክክል መቆም አለባቸው። አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ከሆነ የላይኛው ክብደት ጣውላውን መሐል ላይ ያጎብጠዋል፤ ጎብጦ የደረቀ ደግሞ አይቃናም። ቁራጮቹ እርጥብ ከሆኑ ጣውላው ላይ ጥቁር መስመር ይተዋሉ። የየጣውላውን ጫፍ ቀለም ቀቡት። ከላይ ቆርቆሮ አልብሱ፤ ከቆርቆሮው በላይ ድንጋይ ወይም አሸዋ የሞላ ጆንያ ጫኑ። ክብደቱ ቢበዛ አይጎዳም። ጎኑን ግን አትዝጉ፤ ነፋስ ይግባ፤ ኃይለኛ ነፋስ በሚነፍስበት በኩል ብቻ ጆንያ ወይም ሸራ አንጠልጥሉ።

የፈረንጅ ጽድ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ግማሹ የለበትም። ቀላል ነው፤ ቶሎ ይደርቃል፤ ብዙም አይጠምም። ጉዳቱ ጉጥ መብዛቱ ነው። ገና ከልጅነቱ ቅርንጫፉን የመለመለ ገበሬ ከሃያ ዓመት በኋላ ጥሩ ጣውላ ያገኛል፤ ያልመለመለ ጉጥ ይቆጥራል። ለጀማሪ ማኅበር የምመክረው በፈረንጅ ጽድ እጅን አፍታትቶ ወደ ባህር ዛፍ መሄድ ነው። ስለ ምስጥና ነቀዝም አንድ ነገር፤ የባህር ዛፍ ከልጡ ሥር ያለው ነጣ ያለ ክፍል በነቀዝ ይበላል፤ ለዕቃ ሲሠራ ለይታችሁ አውጡት። የቀዩ ባህር ዛፍ የውስጥ እንጨት ምስጥን ከነጩ ይበልጥ ይቋቋማል፤ ለበርና ለመስኮት መቃን እሱ ይሻላል።

ደርቋል የሚባለውስ መቼ ነው? 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ባህር ዛፍ አምስትና ስድስት ወር ቢወስድ አይግረማችሁ። በግምት አትመኑ፤ “ቀልሏል” የሚለው እጅ ይሳሳታል። ከመጀመሪያው ቀን ከአንድ ጣውላ መሐል ግማሽ ሜትር ያህል ናሙና ቁረጡ፤ ሁለቱን አፍ በቀለም ድፈኑ፤ በገበያ ሚዛን መዝናችሁ ክብደቱንና ቀኑን ራሱ እንጨቱ ላይ በእርሳስ ጻፉ። ከዚያ ክምሩ መሐል፣ እጅ የሚደርስበት ቦታ ሰክታችሁ በየሳምንቱ እያወጣችሁ መዝኑ። መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ ብዙ ይቀንሳል፤ ኋላ ጥቂት ጥቂት ይቀንሳል። በደረቅ ወር ሦስት ሳምንት በተከታታይ ተመዝኖ ያው ከሆነ ከአየሩ ጋር ተስማምቷል ማለት ነው፤ ክምሩን ማፍረስ ትችላላችሁ። ስታፈርሱ ከላይ ያሉት ሁለት ረድፎች ትንሽ ጠመው ካገኛችኋቸው አትደንግጡ፤ ክብደት ያነሰባቸው እነሱ ናቸው። በአጭሩ ቆራርጣችሁ ለሊስቴሎ ወይም ለወንበር እግር ለዩአቸው። ለአናጺው የምታሳዩት ከመሐል የወጣውን ነው፤ ናሙናውንም ከነጽሑፉ አብራችሁ ያዙለት፤ የየሳምንቱን ክብደት ራሱ ያንብበው።

 

(የመውጫ ሙዚቃ)